«የቤት ሠራተኛ ነኝ ብዬ ልጻፍ?»
ለቢዝነስ ትምህርት ቤት የሚላክ የማመልከቻ ጽሑፍ አዘገጃጀት



ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ አገር ቤት ወሬ እንጨዋወታለን። በዚህ ጨዋታ መካከል ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ የመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «መማር እፈልጋለሁ። ፎርሙን ሞልቼ መጨረሻ ላይ ስደርስ ‹ስለ ራስሽ ጻፊ› ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?» የሚል ነው። ስምን፣ የትውልድ ዘመንንና የፓስፖርት ቁጥርን ያለ ችግር የሞላች እህት እዚህች ባዶ ቦታ ላይ ስትደርስ ስልኳን ትዘጋለች። ሌላዋ ገንዘብ ከፍላ ታስጽፋለች። ሌላዋ ደግሞ ያልሠራችውን ሥራ ሠራሁ ብላ ትሞላለች። በዚህ ዕትም ስለዚህች ባዶ ቦታ እንነጋገራለን።

ይህ ጽሑፍ ምንድን ነው?

በአገራችን ማመልከቻ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው መልክ አለው። ከላይ ቀንና አድራሻ፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፡-»፣ በመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር» ብለን እንፈርማለን። ኮሌጅ ለመግባትም ቢሆን የሚወስነው በአብዛኛው የማትሪክ ውጤት ነው። በ1935 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት (በተለምዶ «ኮሜርስ» ከምንለው) ጀምሮ ብዙ የአገራችን የሒሳብና የንግድ ባለሙያዎች ስለ ራሳቸው ሕይወት እንዲጽፉ ሳይጠየቁ ተመርቀዋል። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ እንግዳ ቢሆንብን አያስደንቅም።

የውጭ አገር ቢዝነስ ትምህርት ቤቶችና ብዙ የስኮላርሺፕ ሰጪዎች ግን ከውጤት ሌላ ሰውየውን ማወቅ ይፈልጋሉ። የሚመለከቷቸው ወረቀቶች ውጤትን ያሳያሉ እንጂ የሰውን አስተሳሰብ አያሳዩም። የማመልከቻ ጽሑፉ ያንን ክፍተት የሚሞላ አጭር ድርሰት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይበልጥም።

ለማን ይጠቅማል ቢባል፣ በሦስት ደረጃ እንየው። የመጀመሪያ ዲግሪ ኖሯት ወደ ኩዌት የመጣች እህት ለኤም.ቢ.ኤ. ማመልከት ትችላለች። ኤም.ቢ.ኤ. የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃልና። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ለመጀመሪያ ዲግሪ ታመለክታለች። ለምሳሌ በ2009 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚያስተምር ሲሆን የቢዝነስ አስተዳደር ትምህርት አለው። ለማመልከቻና ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ያስከፍላል እንጂ የማስተማሪያ ክፍያ አይጠይቅም። ትምህርቷን ያልጨረሰች ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ። ናይጄሪያ የሚገኘው የቶኒ ኢሉሜሉ ፋውንዴሽን በ2015 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑና በአፍሪካ ውስጥ አነስተኛ ንግድ ለጀመሩ ወይም ለመጀመር ላሰቡ ሰዎች ሥልጠናና 5,000 የአሜሪካ ዶላር መነሻ ገንዘብ ይሰጣል። እዚያም የሚጠየቀው ስለ ራስና ስለ ሥራ ሐሳብ በአጭሩ መጻፍ ነው። ስለዚህ ሙያው ለሦስቱም ደረጃ አንድ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። ጥሩ ጽሑፍ የጎደለ ዲግሪን ወይም የእንግሊዝኛ ፈተናን አይተካም። በሩን የሚከፍቱት ሰነዶችሽ ናቸው። ከብዙ መሰል አመልካቾች መካከል አንቺን የሚያስመርጥሽ ግን ጽሑፉ ነው።

ምን ይጠይቃሉ?

ከታወቁት እንጀምር። በአሜሪካ የስታንፎርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አመልካቾቹን የጠየቀው «ለአንተ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ነገር ምንድን ነው? ለምን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ለምን ስታንፎርድ?» ይላል። በ1908 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን ወደ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ለውጦ ስለ ንግድ አስተሳሰብ፣ ሰዎችን ስለ መምራትና ራስን ስለ ማሳደግ ጠይቋል።

እነዚህን ትምህርት ቤቶች የጠቀስናቸው ሁላችንም እዚያ እንግባ ለማለት አይደለም። ጥያቄዎቹን ልብ ብላችሁ እንድታዩአቸው ነው። «ስንት ድርጅት አለሽ?» ወይም «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» የሚል የለባቸውም። የትም ትምህርት ቤት ብትሄዱ ጥያቄዎቹ ሲጨመቁ ሦስት ናቸው። ምን አይተሻል? ምን አድርገሻል? ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ?

ሥራዬን ልደብቅ ወይ?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ፎርሙ «የአሁኑ ሥራ» ሲል ብዙዎቻችን እናፍራለን። «የሽያጭ ሠራተኛ» ወይም «ጸሐፊ» ብለው የሚሞሉ አሉ። «የቤት ሠራተኛ ብዬ ከጻፍኩ ይንቁኛል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በስማችን ሳይሆን በሥራችን ተጠርተን፣ ሰው እንዳልሆንን ተቆጥረን የዋልንባቸው ቀናት አሉና።

ቢሆንም መደበቅ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው ግልጽ ነው። ትምህርት ቤቶች የሥራ ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ በቃለ መጠይቅም ያጣራሉ። ሐሰት ከተገኘ ማመልከቻው ይሰረዛል። ከተገባም በኋላ ቢሆን ተማሪ ሊባረር ይችላል። ሁለተኛው ጉዳት ግን ይብሳል። ሥራሽን ስትደብቂ እዚህ ያሳለፍሻቸውን ዓመታት በሙሉ ከሕይወትሽ ላይ ቆርጠሽ ትጥያለሽ። ያየሽው፣ የተማርሽው፣ የተሸከምሽው ኃላፊነት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የምትጽፊው አይኖርሽም። ባዶ ቃላት ብቻ ይቀራሉ።

እስቲ ከወዲያ ማዶ ያለውን አንባቢ አስቢው። በጠረጴዛው ላይ የተከመረው አብዛኛው ጽሑፍ የባንክ ሠራተኞችና የኩባንያ ባለሙያዎች ነው። ስለ አንድ ትልቅ ቤት የወር ወጪ፣ በባዕድ ቋንቋ ሥራ ስለ መልመድ፣ ከትንሽ ደመወዝ ገንዘብ ስለ ማጠራቀም የሚጽፍለት ሰው ጥቂት ነው። አንቺ ያፈርሽበት ነገር ለእሱ አዲስ ነው።

ከጓዳ የሚታይ ንግድ

«እኔ ስለ ንግድ ምን አውቃለሁ?» የምትል እህት ጀምዒያ ሄዳ የምትገዛበትን ቀን ታስብ። በኩዌት በየሰፈሩ ያለው ጀምዒያ ተራ ሱቅ አይደለም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በኬይፋን የተቋቋመው የመጀመሪያው ጀምዒያ በ1962 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ባለ አክሲዮን ናቸው። ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ስትደርሺ የማዳምን ቁጥር የምትናገሪው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ቤተሰቡ በዓመቱ ውስጥ የገዛው በዚያ ቁጥር ይመዘገብና በግዢው መጠን ተመላሽ ገንዘብ ያገኝበታል። ደንበኛው ራሱ ባለቤት የሆነበት ንግድ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያሉትን የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚህ ጋር አስተያይታ ምን እንደሚመሳሰልና ምን እንደሚለያይ የጻፈች እህት ከመጽሐፍ ያልተገኘ ሐሳብ ጻፈች ማለት ነው።

ሌላም አለ። በረመዳን ለድዋኒያ እንግዶች ምግብ ስታዘጋጂ ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳይነገርሽ መጠኑን ትገምቻለሽ። ብዙ ከሠራሽ ይጣላል፣ ካነሰ ማዳም ታፍራለች። ይህ በቢዝነስ ትምህርት ቤት አንድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እቁባችንም እንዲሁ። ያለ ባንክ፣ ያለ ወረቀት፣ በመተማመን ብቻ የሚንቀሳቀስ የገንዘብ ተቋም ነው።

ሁለት ጽሑፎች፣ አንዲት ሴት

ለማነጻጸር እንዲመች ሁለት ናሙናዎች እነሆ። ሁለቱም ለዚህ ዓምድ የተዘጋጁ ናቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ቢዝነስ እወዳለሁ። ታታሪ፣ ታማኝና ጠንካራ ሴት ነኝ። ብዙ ችግር አሳልፌአለሁ። ዕድሉ ቢሰጠኝ ቤተሰቤንና አገሬን እረዳለሁ።»

ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ስምሽን አጥፍተን የጓደኛሽን ስም ብንጽፍበት ይስማማታል። የማንም ሰው ጽሑፍ የማንም አይደለም። ሁለተኛውን እንመልከት፦

«በኩዌት፣ ሳልሚያ፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ። 11 ሆነን እቁብ እንጥላለን፤ እኔ ሰብሳቢ ነኝ። እያንዳንዳችን በወር 20 ዲናር እናዋጣለን፤ ዕጣው 220 ዲናር ነው። በሦስተኛው ወር የደረሳት አባል የስድስተኛውን ወር ከከፈለች በኋላ በድንገት አገር ቤት ገባች። የአምስት ወር ዕዳ፣ 100 ዲናር፣ ቀረብን። ገና ያልደረሳቸው አምስት ሴቶች አለቀሱ። አስቀድመው የወሰዱት አምስቱ ‹እኛን ምን አገባን?› አሉ። እኔም ከወሰዱት አንዷ ነበርኩ። በዓርብ ሰብስቤ ‹ዕዳውን አሥራችን ብንካፈለው በወር 2 ዲናር ብቻ ነው፤ ካልተካፈልነው ግን ከእንግዲህ እቁብ አይኖረንም› አልኳቸው። 22፣ 22 ዲናር ከፍለን ሁሉም 220 ዲናሩን አገኘ። በሚቀጥለው ዙር ያለ ዋስ ማንንም አላስገባሁም። አዲስ አባልም መጨረሻ ላይ እንድትወስድ አደረግሁ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ዋስ ሳልጠይቅ ጀምሬአለሁና። መተማመን ያለ ደንብ እንደማይጸና የተማርኩት በዚህ ነው።»

ልዩነቱን ተመልከቱ። ሁለተኛዋ «ታማኝ ነኝ» ብላ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፈችም። እኛ ግን አመንናት። «መሪ ነኝ» አላለችም። ስትመራ ግን አየናት። ቦታው፣ ቁጥሩ፣ የተፈጠረው ችግር፣ ያደረገችው ነገር፣ ውጤቱ፣ ከዚያም የተማረችው በቅደም ተከተል አለ። ከሁሉ በላይ ጥፋቷን አልሸሸገችም። ራሱን የሚያርም ሰው መማር የሚችል ሰው ነው።

ስለ ችግራችን እንዴት እንጻፍ?

አንዳንዶቻችን የምንናገረው ከባድ ታሪክ አለን። ደመወዝ የተከለከለ፣ የተደበደበ፣ ፓስፖርቱ የተያዘበት አለ። ይህን መጻፍ ይቻላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ቁስሉን ለማያውቀው ሰው የማሳየት ዕዳ የለበትም ማንም። ከጻፍሽው ደግሞ እዚያ ላይ አታቁሚ። አንባቢው አዝኖ ብቻ ከተለየሽ ጽሑፉ ሥራውን አልሠራም። ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ? ማንን ረዳሽ? ምን ለወጥሽ? ሦስት እጁን ለዚህ፣ አንድ እጁን ለችግሩ ስጪ።

የአሠሪዎችሽን ስም፣ የቤታቸውን ምሥጢርና የልጆቻቸውን ነገር አትጻፊ። «የምሠራበት ቤት» ማለት ይበቃል።

«ለምን ይህን ትምህርት?»

«ነጋዴ መሆን እፈልጋለሁ» መልስ አይደለም። ምን ዓይነት ንግድ? የት? ለማን? ምን ጎድሎሽ ነው ትምህርቱን የፈለግሽው? ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት የተነሣችው ካደገችበት ከአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ሰፈር ነበር። በሰፈሩ የፈትልና የሽመና ሙያ ያላቸው ሥራ ያጡ ሰዎች ነበሩ። በአገሩ ከመኪና ጎማ ጫማ የመሥራት የቆየ ልምድም ነበር። ሁለቱን አገናኘችና ጫማው ውጭ አገር ተሸጠ። ትምህርቱ ለእኛ ይህ ነው፦ ሐሳብሽን ከምታውቂው ቦታና ከምታውቂያቸው ሰዎች ጀምሪ።

ስለዚህ «ደሴ ገብቼ ምግብ ቤት መክፈት እፈልጋለሁ። ለሃምሳ ሰው ማብሰልና ወጪ መቆጣጠር እችላለሁ። ሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ዋጋ ማውጣትና ብድር መጠየቅ ግን አልችልም። በዚህ ትምህርት ቤት የምፈልገው ይህንን ነው» የምትል እህት ከሺህ ቃል ይልቅ ተናገረች። ትምህርት ቤቱ በእርግጥ እነዚህን ትምህርቶች እንደሚሰጥ ግን አስቀድማ ትመልከት። የአንዱን ትምህርት ቤት ስም በሌላው ማመልከቻ ላይ ረስቶ መላክም የተለመደ ስህተት ነው።

አጻጻፉ ደረጃ በደረጃ

1. ጥያቄውን ቃል በቃል ተረጂው። አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ይኖራል። «ምን? ለምን?» ካለ «ለምን» የሚለውን አትርሺ።

2. መጀመሪያ ተናገሪው። ማታ ሥራ ስትጨርሺ በስልክሽ ድምፅሽን ቅጂ። ለእህትሽ እንደምታወሪ ሆነሽ አውሪ። ብዙዎቻችን ስንጽፍ እንጨነቃለን፣ ስናወራ ግን ታሪክ እናውቃለን።

3. ከታሪኮችሽ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ምረጪ። ሁሉንም የምትናገር ምንም አታስታውስም።

4. በአማርኛ ጻፊው፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ይሁኑ። የማታውቂውን ከባድ ቃል ከመዝገበ ቃላት አትልቀሚ። በቃለ መጠይቅ ያንኑ ቃል ሲጠይቁሽ ትደነግጫለሽ።

5. ለሁለት ሰው አስነብቢው። አንዷ በደንብ የምታውቅሽ ትሁን፤ «ይህ አንቺ ነሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሌላዋ የማታውቅሽ ትሁን፤ «ምን ገባሽ?» ብለሽ ጠይቂያት።

6. ልኩን ጠብቂ። 500 ቃል ከተባለ 600 አትላኪ።

7. ቀኑን ተጠንቀቂ። የእኛ አቆጣጠርና የፈረንጆቹ እንዳይምታታ የልደት ቀንሽን በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ። የመጨረሻው ሰዓትም በትምህርት ቤቱ አገር ሰዓት ሊሆን ስለሚችል ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ላኪ።

ጊዜ ከየት ይመጣል ለምትሉ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ የቀን ሥራም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕጉ በየቤቱ ሁሉ እንደማይከበር እናውቃለን። የምታገኚው በሌሊት ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነም፣ በግማሽ ሰዓት አንድ አንቀጽ ይጻፋል።

ከእነዚህ ተጠበቁ

«ጽሑፍ እንጽፍልሻለን፣ መግቢያውንም እናስጨርሳለን» ብለው ዲናር የሚጠይቁ አሉ። ጽሑፍ የሚያርም ሰው መፈለግ ነውር የለውም። የሌላ ሰው ታሪክ መግዛት ግን ማጭበርበር ነው። መግቢያን አስቀድሞ ቃል የሚገባልሽ ሰው ደግሞ ሌባ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ካለ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ፣ በራሱ ድረ ገጽ በኩል ይከፈላል እንጂ በግለሰብ ሐዋላ አይላክም። የበጣቃሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ለማታውቂው ሰው አትስጪ።

እንደ ቻት ጂፒቲ ያሉ ማሽኖችም በደቂቃ ጽሑፍ ያወጣሉ። ፊደል ለማረም፣ ትርጉም ለማየት ይጠቅማሉ። የትምህርት ቤቱን ደንብ ግን አስቀድመሽ አንብቢ፤ የሚከለክሉ አሉና። ደግሞም ማሽኑ ያንቺን እቁብ አያውቅም። ካልነገርሽው የሚጽፍልሽ ያንን የመጀመሪያውን የማንም ያልሆነ ጽሑፍ ነው።

ሰነዶችንም ቀደም ብለሽ አሰናጂ። ትራንስክሪፕትና ዲፕሎማ አገር ቤት ከቀሩ፣ በኩዌት የኢትዮጵያ ኤምባሲ ለወንድምሽ ወይም ለእህትሽ ውክልና ሰጥተሽ ማስወጣት ትችያለሽ። ውክልናው አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ጽሑፉ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

በመጨረሻ

የምታመለክት ሁሉ ትገባለች ማለት አንችልም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መልስ «አዝናለሁ» የሚል ነው። ቢሆንም ይህን ጽሑፍ በእውነት የጻፈች እህት አንድ ነገር አግኝታለች። በሰው ቤት ያሳለፈቻቸውን ዓመታት ቁጭ ብላ ቆጥራ፣ ምን እንደሠራችባቸው በራሷ እጅ ጽፋ አይታለች። ፎርሙ ተመልሶ ቢመጣም ያ ወረቀት ይቀራል። ለሚቀጥለው ማመልከቻ፣ አገር ቤት ገብታ ብድር ስትጠይቅ፣ ወይም ልጇ «እናቴ፣ ኩዌት ምን ትሠሪ ነበር?» ሲላት ያገለግላታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «የቤት ሠራተኛ ነኝ ብዬ ልጻፍ?» አዎን፣ ጻፊ እህቴ። ከዚያ በኋላ ነጥብ አድርገሽ፣ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ጀምሪ።